ያልፈረምኩበት ወረቀት

ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ኋላ ላይ «ምነው ዶክተር፣ ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ታግሼ አይቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሪያድ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ሠርቻለሁ። የማጫውታችሁ ትዕግሥቴ ስላለቀበት አንድ ቀን ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ አበቃ።

ሰሚራ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሕክምና ጨርሼ እዚያው ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ሁለት ዓመት እንደሠራሁ በኮንትራት ወደ ሪያድ ሄድኩ። ለምን ሄድሽ ለሚለኝ፣ ሰው ሁሉ በሚሄድበት ምክንያት ነው የሄድኩት፤ የማስተምራቸው ታናናሾች ነበሩኝ። የገባሁበት ሆስፒታል የግል ነው፤ ስሙን አልጠራውም።

በሁለተኛው ዓመት «የካሜራ ክፍል» ወደምንለው ቦታ አዛወሩኝ። ሆስፒታሉ በረሃ ውስጥ ካሉ ሦስት ትንንሽ ክሊኒኮች ጋር ውል ነበረው። እዚያ ነርስ አለች፣ ካሜራ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፤ ሐኪም ግን እንደልብ የለም። በሽተኛው እዚያ ካሜራ ፊት ይቀመጣል፤ እኛ ሪያድ ሆነን በቴሌቪዥን እያየን፣ እየጠየቅን እናክማለን። መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ሦስቱ ክሊኒኮች በተራ ነው የሚገቡት። ሥዕሉ እየቆመ፣ ድምፁ እየቀደመ ያስቸግር ነበር። ቢሆንም ወድጄው ነበር። ደላንታ እያለሁ በቃሬዛ ስንት ሰዓት ተጉዘው መጥተው ደጄ ላይ የሞቱብኝን ሰዎች እያሰብኩ፣ ይህ ነገር አገሬ ቢኖር እል ነበር።

እዚያ ክፍል የተመደብኩት ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ሴት በሽተኛ ካሜራ ፊት ስትገለጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ወንድ መቀመጥ የለበትም ተባለ። ስለዚህ የወንዶቹን ሐላፊያችን ዶክተር ናስር ያያል፣ የሴቶቹን እኔ። የእኔ ተራ ሲሆን እሱ ከክፍሉ ይወጣል፤ በሩም ይዘጋል። ይህቺን ሥርዓት ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር። አርብ አርብ ባጥሐ ገበያ ስወርድ የማገኛቸው ያገሬ ልጆች ብዙዎቹ ሁለት ስም ነበራቸው። አንዱ መኖሪያ ፈቃዳቸው ላይ የተጻፈው ነው፤ ሌላው እናታቸው ያወጣችላቸው። ደላላው ቪዛው ቶሎ እንዲወጣ «ሙስሊም ነኝ በይ» ይላቸዋል፤ ብርቄ ኸድጃ ትሆናለች፣ አስናቀች ዘሀራ። እኔ ከሙስሊም ቤት የተወለድኩ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ግማሽ ዘመዴ ክርስቲያን ነውና ነገሩ ከማሳቅ በቀር አያስገርመኝም ነበር። ሁለተኛውን ስማቸውን በጆሮዬ ሹክ ሲሉኝ ስንት ጊዜ ስቀናል። ይህን እያወቅሁ ነው የተሳሳትኩት።

ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ ከሩቁ ክሊኒክ አንድ ወረቀት በፋክስ መጣ። ከሪያድ በመኪና አምስት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ነው። ወረቀቱ ለአውሮፕላን ጉዞ ብቁ መሆንን የሚያረጋግጥ ቅጽ ነው፤ ከታች «በሽተኛዋን ያየው ሐኪም ፊርማ» ይላል። ስም፦ ፋጡማ። ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊት። ዕድሜ፦ ሃያ ስድስት። ሥራ፦ የቤት ሠራተኛ። ሕመም፦ የአእምሮ።

ዶክተር ናስር ወረቀቱን ሲሰጠኝ «አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። «ልጅቱ አብዳለች፣ ከፊሏ ነገ ጧት ሊያሳፍራት ቲኬት ቆርጧል። እዪና ፈርሚ።»

ከፊል ማለት አሠሪዋ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷም ፓስፖርቷም በእጁ ነው። ቴሌቪዥኑን ስከፍት እሱ ራሱ አልጋው አጠገብ ቆሟል። አቡ ሳልም ይባላል፤ ደልደል ያለ፣ ቁልፉን በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው። በሌላው በኩል የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ሊሲ አለች፤ ሕንዳዊት ናት፣ አረብኛዋ እንደኔው ስብርብር ያለ ነው።

አልጋው ላይ ጉልበቷን ወደ ሆዷ የሰበሰበች ልጅ ተኝታለች። ሃያ ስድስት ዓመት? አሥራ ዘጠኝም ቢሞላት ነው።

«ፋጡማ፣ እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ?» አልኳት በአማርኛ።

ዝም።

«ፋጡማ! እስቲ ወደኔ እዪ።»

ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ጠራኋት። ዓይኗን ገለጠች፣ ግን አልመለሰችም።

«አላልኩም?» አለ አቡ ሳልም። «ሁለት ቀን መሬት ለመሬት ስትንከባለል ነበር። አብዳለች። ዛሬ ጧት ደግሞ በራሷ ጊዜ ጸጥ አለች። አልሐምዱሊላህ፣ ለመንገድ ደህና ናት። ያላ፣ ፈርሚ፣ ዶክተራ።»

ፋይሉ ላይ ጻፍኩ፤ በገዛ እጄ። «ስሟን አታውቅም። ለጥሪ ምላሽ አትሰጥም።» ትምህርት ቤት ያስተማሩን ይኸንኑ ነው፤ የበሽተኛ አእምሮ የሚፈተነው መጀመሪያ በስሙ ነው። ከዚያ ቅጹን ሳብኩና ብዕሬን ፊርማው ቦታ ላይ አደረግሁ።

ቀና ያልኩት እንዲያው ነው፤ ሥዕሉ ቆሞ እንደሆነ ለማየት። ልጅቱ አንገቷን አዙራ በሩን ታያለች። ከዚያ ሲስተር ሊሲን አየች፣ ከዚያ እንደገና በሩን። ሰው እየፈለገች ነው። የተጠራችውን ፋጡማን እየፈለገች ነው!

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ያፈርኩት በራሴ ነው። አርብ አርብ አብሬያቸው ስስቅ የከረምኩት ሴትዮ፣ ነጭ ጋዋን ስለብስ የወረቀት ስም ብቻ የማውቅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ከፊሉ ባለበት ግን ስሟን መጠየቅ አልችልም። ቢሰማ ሌላ ጣጣ ነው፤ በሐሰት ወረቀት ገባች ተብላ ከአልጋዋ ወደ ተርሒል፣ ወደ መባረሪያው እስር ቤት ልትሄድ ትችላለች።

«አቡ ሳልም፣ ሆዷን ልናይ ነው፤ ትገለጣለች» አልኩት። «እባክዎ ይውጡ።»

«ሆድ ምን ያደርጋል? ያመማት ጭንቅላቷን ነው።»

«ሴት እየተገለጠች እዚያ ይቆማሉ?» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ። ቁልፉን ማሽከርከሩን ተወና ወጣ። ሲስተር ሊሲ በሩን ከኋላው ቆለፈችው። እኔ ቆልፊ አላልኳትም፤ የራሷ ሐሳብ ነው።

«እህቴ» አልኩ ቀስ ብዬ። «እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ደላንታም ኖሬያለሁ። ሰውዬው ወጥቷል። እናትሽ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?»

ካሜራውን አየችው።

«አይነግሩብኝም?»

«በአላህ! ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«ትርንጎ» አለች። «ትርንጎ ነው ስሜ። ኸዚያ ቤት ፋጡማ ብሎ የጠራኝ የለም፣ ‹ያ ቢንት›፣ አንቺ ልጅ ነው የሚሉኝ። ኧረ እሜዋ፣ ሆዴን ሞትኩ!»

ያበደችው ልጅ ሁሉንም በሥርዓት ነገረችኝ። ሕመሙ የጀመራት ከትናንት በስቲያ፣ እንብርቷ ዙሪያ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። አስመለሳት። መዳሟ፣ የሰውዬው ሚስት፣ «አስመስላ ነው» ብላ ምንጣፍ አሳጠበቻት። ዛሬ ሲነጋ ግን በድንገት ቀለል አለላት፤ ጥቂት ቆይቶ ሆዷ ሙሉ ይነድ ጀመር።

ሐኪም የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ክው ብሏል። ላልሆናችሁት ልንገራችሁ፦ የቆሰለ ትርፍ አንጀት ሕመሙ በድንገት ቀለል ሲል፣ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ከፊሉ አልሐምዱሊላህ ያለበት ጸጥታ የሞት ምልክት ነበር።

«ሲስተር፣ ቀኝ ሆዷን ቀስ ብለሽ ተጫኚው። አሁን በድንገት ልቀቂ።»

ሥዕሉ እዚያው ላይ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው የሊሲ እጅ ብቻ ነው። የትርንጎ ጩኸት ግን መጣ። ሥዕሉ ሲመለስ ሊሲ እያለቀሰች «ዶክተራ፣ ሆዷ እንጨት ነው» አለችኝ። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል፣ የልብ ምቷ መቶ ሠላሳ። ግሉኮስና ያላትን መድኃኒት እንድትጀምርላት አዘዝኳትና ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ዶክተር ናስር ኮሪደሩ ላይ ሻይ እየጠጣ ነው።

«ፈረምሽ?»

«ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ዛሬ፣ አሁን።»

ፋይሉን ከእጄ ወስዶ አነበበ። «ስሟን አታውቅም ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ከግማሽ ሰዓት በፊት።»

«ተሳስቻለሁ። እሰርዘዋለሁ።»

«በምን አወቅሽ?»

ምን ልበለው? ስሟን ነገረችኝ ልበል? «በአገሬ ቋንቋ አነጋገርኳት። ጤነኛ ናት፤ ከእኔም ከአንተም ትሻላለች።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስሚኝ ሰሚራ። ሰውዬው የውሉ ባለቤት የቅርብ ዘመድ ነው። ክሊኒኩ ቢዘጋብን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። አገሯ ደርሳ ትታከም። ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«የኮንትራትሽ እድሳት ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ሐኪም ይፈርማል!»

ይኸኔ ሳቄ መጣ፤ በእውነት ነው የምላችሁ። «ማን?» አልኩት። «ቅጹ በሽተኛዋን ያየው ሐኪም ይላል። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። እዚህ ክፍል ከእኔ ሌላ ሴት ሐኪም የለም። ደግሞ አሁንም እንደተገለጠች ናት።»

ተመልሼ ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ወንበሬን ስቤ ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ። መስመሩ የሚዘጋበት ቁልፍ ያለው እኔው ጋ ነው። ልጅቱ መኪና ላይ ሳትወጣ አልዘጋውም ብዬ ወሰንኩ። ሌሎቹ ሁለት ክሊኒኮች ተራቸውን እየጠበቁ እንደሆነ አልጠፋኝም፤ የእነሱ ነገር ዛሬም አልፎ አልፎ ያሳስበኛል። ግን መስመሩን ከለቀቅሁ ማንም አያያትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ናስር በሩን በነካ ቁጥር «ተገልጣለች!» እላለሁ። አስተዳደሩን ይዞ መጣ፤ «ተገልጣለች!» ቴክኒሻኑን ላከ፤ «ኧረ ወንድሜ፣ ሴት ተገልጣለች!» የአገሩ ሥርዓት ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። ዓመት ሙሉ ከዚያች ወንበር ጋር ያሰረኝ ሕግ፣ ያን ቀን በር ሆነልኝ።

በስልክ በዚያ አካባቢ ያለውን የወረዳ ሆስፒታል አገኘሁ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው፤ ታሪኩን ሳልጨርስለት «አምጧት፣ ክፍሉን አዘጋጃለሁ» አለ። ርቀቱ ከክሊኒኩ አንድ ሰዓት ነው። የክሊኒኩ አምቡላንስ ግን ሞተሩ ወርዶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ያለው መኪና የአቡ ሳልም ብቻ ነው። ሊሲ ወጥታ ለመነችው። በሩ ስር ድምፁ ይሰማኛል፦ «ወረቀቱን ፈርሙ፣ ወደ ሪያድ እወስዳታለሁ፤ ኸላስ! ሌላ ቦታ አልሄድም።»

የዙሁር ሶላት አለፈ። ስምንት ሰዓት ሆነ። የልብ ምቷ መቶ አርባ ገባ። አንድ ሰው በቴሌቪዥን ሲሞት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ፈራሁ። እጄን የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ አድርጌ ስለ ደላንታ አወራታለሁ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጓሳው። አንዳንዴ ትመልሳለች።

«ዶክተር፣ ኸሞትሁ በፋጡማ ስም እንዳይቀብሩኝ» አለችኝ። «እናቴ መጥታ ብትፈልገኝ አታገኘኝም።»

«ዝም በይ! አትሞቺም» ብዬ ጮህኩባት። በሚሞት ሰው ላይ እንዲህ አይጮህም፤ እኔ ጮህኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም የክሊኒኩ በር ተንኳኳና ሊሲ ከፈተች። አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተደገፉ ገቡ፤ የአቡ ሳልም እናት ናቸው። መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ ሰልችቷቸው ኖሯል። ሴት ስለሆኑ የሚያግዳቸው የለም። አልጋውን ዳበሱ፣ የትርንጎን እጅ አገኙ። ዓይናቸው በደንብ እንደማያይ ያኔ ነው የገባኝ።

«ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለሽው ሐኪም ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ልጄ አብዳለች አለኝ። ሦስት ወር ወደ መጸዳጃ ቤት እጄን ይዛ የምትወስደኝ፣ ፀጉሬን የምታጥበኝ እሷ ናት። ያበደ ሰው እንዲህ አያደርግም። እውነቱን ንገሪኝ።»

«አላበደችም። ሆዷ ውስጥ የፈነዳ ነገር አለ። አውሮፕላን ላይ ብትወጣ ትሞታለች። እዚህ ብትቀመጥም ትሞታለች። አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ሐኪም እየጠበቃት ነው፤ የጠፋው መኪና ነው።»

አሮጊቷ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ ወጡ። ከዚያ በበሩ በኩል የመጣውን ጩኸት ሁሉንም አልተረጎምኩትም፤ የእናት ቁጣ በየአገሩ አንድ ነው። «በእኔ ፊት ነፍስ ልታጠፋ ነው? ያላ፣ መኪናውን አስነሳ! እኔ ከኋላ አቅፌያት እቀመጣለሁ!» የሚለውን ግን ሰማሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሊሲ ግሉኮሱን በእጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ልጅቱን ተሸክመው ሲወጡ አየሁ። ካሜራው ፊት ባዶ አልጋ ቀረ። መስመሩን ዘጋሁት። በሩን ስከፍት ዶክተር ናስር ቆሟል።

«አሁን ተሸፍናለች» አልኩት።

ማታውን ሱዳናዊው ሐኪም ደወለልኝ። ፈንድቶ ነበር። ሆዷን አጥበው ዘግተዋል፤ ትተርፋለች አለኝ። የሴቶች ማደሪያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኮንትራቴ አልታደሰም፤ በወሩ መጨረሻ የመውጫ ቪዛ ሰጥተው ሸኙኝ። ሻንጣዬን ሲፈትሹ ያልተፈረመው ቅጽ ከልብሴ መሃል ነበር። ሰርቄው ነው፤ አልክድም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ጀግና አደረገኝ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። አንዲት መስመር ብፈርም ገዳይ እሆን ነበር፤ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ነበር። ያዳነን «እናትሽ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ በመካከል ሽቦ አለ፤ በሽተኛዋ በቋንቋዋ ካልተጠየቀች ያ ሁሉ መሣሪያ የሚያሳየው ሥዕል ብቻ ነው። ይህን ይዤ ደሴ ገባሁ።

ሐሳቤን ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አንዱ ሐላፊ ሳቀብኝ፦ «መብራት በሌለበት አገር የቴሌቪዥን ሕክምና?» «ቴሌቪዥን አላልኩም፤ ስልክ ነው ያልኩት» አልኩት። «ነርሷ ከጤና ጣቢያዋ ትደውላለች፣ በሽተኛዋን ታገናኘኛለች፣ እኔ እጠይቃለሁ።» ሌላው መንገድ ይቅደም አለኝ። መንገዱ እስኪመጣ የሚሞቱትን ማን ይጠይቃቸው? አንድ ስልክ በራሴ ጠረጴዛ ላይ አስገብቼ ጀመርኩ። መጀመሪያ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር፣ ቀጥሎ አራት። ሞባይል ወደ ገጠሩ ሲገባ ደግሞ ነርሶቹ የቁስል ፎቶ ያሳዩኝ ጀመር። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤት ውስጥ ማን ብለው ይጠሩዎታል?» ይላል። ሐላፊዎቹ አላስፈላጊ ነው ብለው ሁለት ጊዜ ሰረዙት፤ ሁለት ጊዜ መለስኩት።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። ሻሽ አስራለች፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ተራ ሳትይዝ ነው የገባችው።

«አሞሽ ነው?» አልኳት።

«አይ፣ ዶክተር። ስሜን ላስተካክል ነው የመጣሁ።»

ድምጿ ያኔ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የሰማሁት ነው። ተቃቅፈን ቆየን። በኋላ መሳቢያዬን ከፍቼ ቅጹን አወጣሁላት። እዚያ እያለች ፊደል አልቆጠረችም ነበር፤ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ማታ ማታ ተምራለች። ብዕሬን ወሰደች። ፋጡማ የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ፣ ቀስ እያለች፣ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ ጻፈች፦ ትርንጎ።

ከዚያ ወደ ታች አየች፤ የሐኪም ፊርማ የሚለውን ባዶ ቦታ።

«አሁንስ ይፈርሙልኛል?» አለችኝ እየሳቀች። «ለጉዞ ደህና ነኝ እኮ።»

«አልፈርምም» አልኳት። «ከዚህ የትም አትሄጂም፤ ቁጭ በይ።»